አራት መቶ ለአንድ

ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን የሽማግሌዎች ምርጫ ነበር። የእሁዱ አምልኮ አልቆ፣ ልጆች በር በሩን እያዩ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ለመሄድ እየቸኮለ ሳለ ሰባት ስም ተነበበ። «እነዚህ ወንድሞች ተጸልዮባቸው የቀረቡ ናቸው። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ተባልን። አወጣን። «የሚቃወም አለ?» ጸጥታ። «ድምፀ ተዓቅቦ?» ከኋላ በኩል ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ክብር ለጌታ ይሁን!» እልልታና ጭብጨባ ሆነ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ለቤት ኅብረት ተሰበሰብን። እኛ ሀና ማርያም አካባቢ የምንኖር አምስት ቤተሰቦች ነን። በየተራ በየቤታችን እየተገናኘን ቃሉን እናጠናለን፣ እንጸልያለን፣ ቡና እንጠጣለን። በዕድሜ የሚበልጡን እናታችን፣ እማማ የምንላቸው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ እሁድ ያደረግነውን ምርጫ እኔ ከዚህ በፊት አድርጌዋለሁ» አሉ።

«የት ነው እማማ?» አልናቸው፤ በሌላ አጥቢያ መስሎን።

«ቀበሌ ነዋ! በደርግ ጊዜ።»

ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙም አልቆየ።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት ስለ ተነጋገርንበትና ስለ ጸለይንበት ጉዳይ ነው። ለየትኛውም ፓርቲ ለመቀስቀስ ወይም የትኛውንም ለመንቀፍ አይደለም። ያላመንንበትን ነገር «አዎ» ብለን እጃችንን ስናወጣ በነፍሳችን ላይ ምን እንደሚሆን ልንመሰክር ነው።

እማማ የነገሩን

በ1979 እማማ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር ቅዱሳን የሚሰበሰቡት በየቤቱ ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በለሆሳስ እየተዘመረ። በዚያ ዓመት ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። ጥር 24 ቀን በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶው ደገፈው ተባለ። ሰኔ 7 ቀን ደግሞ 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሆነ። ለአንድ መቀመጫ ከአንድ በላይ ዕጩ ይቀርብ ነበር። ነገር ግን በአገሪቱ የተፈቀደው ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ነበርና ከዕጩዎቹ ማንም ቢያሸንፍ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ቀናት እሁድ ነበሩ።

«ስኳሩም ሳሙናውም የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው» አሉ እማማ። «ያልመጣ ሰው ስሙ ይያዛል ሲባል ሰማን። ሄድኩ፤ መረጥኩ፤ ተመለስኩ። ማታ ለጸሎት ተሰበሰብን። ወንድሞችም እኅቶችም ሁሉ መርጠው ነው የመጡት። አንድም ሰው ነገሩን አላነሣም። ለጌታ ስም ብለን እስር ቤት ለመግባት የቆረጥን ሰዎች ነበርን እኮ! ስለዚያች ወረቀት ግን እርስ በርሳችን ለመነጋገር አፈርን።»

ሸንጎው በጳጉሜ 1979 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983፣ እኚሁ ፕሬዚዳንት አገር ጥለው ወጡ። ያ ሁሉ ድምፅ ሊያቆማቸው አልቻለም፤ መጀመሪያውንም ድምፅ አልነበረምና።

የእኛው እሁድ

ከመካከላችን ወጣት የሆንነው «ያ የደርግ ጊዜ ነው» ለማለት ቸኩለን ነበር። ነገር ግን የእኛም ታሪክ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997፣ እሁድ፣ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ይዘን ድምፅ የሰጠን አለን። ያ ወረፋ የእውነት ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አያውቅም፤ ደስ ያሰኘንም አለማወቃችን ነበር። አዲስ አበባ ለፓርላማ ካላት 23 መቀመጫ 23ቱንም ቅንጅት አሸነፈ። አገር አቀፉ ውጤት ግን አወዛገበ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጠረ።

ከዚያ በኋላ ምርጫው አልቀረም፤ የቀረው አለማወቁ ነው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በአዲስ አበባ ለተቃዋሚ የቀረው አንድ መቀመጫ ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ23 ወደ 1። በ2007 ደግሞ ያቺ አንዷም ጠፋች፤ 547ቱም መቀመጫ በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዘ። መቶ ከመቶ።

ግንቦት 16 ቀን 2007ም እሁድ ነበር። በአጥቢያችን ሰው ሄዶ እንዲመርጥ ተብሎ የአምልኮው ሰዓት አጠረ። «አሜን» ብለን ወጥተን በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድን። የዚያን ቀን ስብከት ስለ ምን እንደ ነበር ዛሬ ማናችንም አናስታውስም። ኮሮጆው ፊት ስንደርስ የተሰማንን ፍርሃት ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋረጃ ነበር፤ ማንም አያየንም ነበር። ሆኖም «ቢታወቅስ?» የምትለው ሐሳብ ከመጋረጃው ውስጥ አብራን ገባች።

ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን በዚያ ጊዜ የ«አንድ ለአምስት» ጠርናፊ ነበር። ለማያስታውሱ ወጣቶች፦ አንድ ሰው አምስት ጎረቤቶቹን እየያዘ ለስብሰባና ለልማት ሥራ ያስተባብራል፤ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ አምስቱ ካርድ ማውጣታቸውን፣ ለድምፅ መውጣታቸውን ይከታተላል። ይህ ወንድም በልጆች አገልግሎት የሚያገለግል፣ ሁላችንም የምንወደው ሰው ነው። ለዓመታት ያልነገረንን በዚያ ማክሰኞ ነገረን።

«ከአምስቱ አንዷ ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ። ‹እኔ አልመርጥም፤ ያለቀ ነገር ነው› አሉኝ። ስማቸውን ጽፌ ሰጠሁ። ልጎዳቸው አስቤ አይደለም፤ ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው። በኋላ ለልጃቸው የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፉ ሲሄዱ ‹አንቺ በምንም አትሳተፊም› ብለው መለሷቸው። ደብዳቤውን አላገኙም። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እንገናኛለን። ‹እንደምን አደርክ ልጄ› ይሉኛል፤ እኔም ‹እግዚአብሔር ይመስገን› እላቸዋለሁ።»

ይህን ብሎ አለቀሰ። ዝም ብለን አብረነው ተቀመጥን።

ሌሎቹ ቤተሰቦች ደግሞ ቤት ያጡ ናቸው። በሰኔ 2008 በሀና ማርያም ቀርሳ ኮንቶማና በአካባቢው ሕገ ወጥ ግንባታ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ማለፉን የሰፈራችን ሰው አይረሳውም። ክረምቱ ገብቶ ነበር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ታላቅ ወንድማችን በላስቲክ የጠቀለሉትን የሰነድ ከረጢት አውጥተው አሳዩን፤ የ2007 የመራጭነት ካርዳቸው በውስጡ ነበር። «ስመዘገብ እዚሁ ቤት እኖራለሁ ብዬ ነው የተመዘገብኩት። ያን ጊዜ ቤቴ ቤት ነበር። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ ግን ጨረቃ ቤት ተባለ» አሉን።

ስለ መሬትና ስለ ግንባታ ሕግ እዚህ ልንከራከር አንፈልግም። አንድ ነገር ግን ታየን። ለቁጥር ሲፈለግ ሰው የነበረ፣ ሲጮኽ ግን ሰሚ ያጣ ስንቱ ነው? በቁጥሩ ውስጥ ገብተናል፤ በልብ ውስጥ ግን አልገባንም።

አክዓብና አራት መቶዎቹ

ከዚያ ምሽት በኋላ የጀመርነውን ጥናት አቆምንና 1ኛ ነገሥት 21 እና 22ን ከፈትን።

ምዕራፍ 21 ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ነው። ደጋግመን የሰማነው ታሪክ ቢሆንም በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር አየንበት። ኤልዛቤል ናቡቴን በስውር አላስገደለችውም። ደብዳቤ ጻፈች፤ የንጉሡን ማኅተም አተመችበት፤ ጾም ታወጀ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሕጉ ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ ሁለት ምስክር ቀረበ። ከሥርዓቱ የጎደለ የለም። ችግሩ ችሎቱ ሳይቀመጥ ፍርዱ ተጽፎ ማለቁ ነው። ከኤልዛቤልም ይልቅ ያስደነገጡን የከተማይቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ናቡቴ ጎረቤታቸው ነበር። ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ። ደብዳቤው እንዳዘዛቸው ግን አደረጉ። ቅጹ ባዶ እንዳይሆን።

በምዕራፍ 22 አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ለመውጋት አስቦ 400 ያህል ነቢያት ሰበሰበና ጠየቃቸው። ሁሉም ውጣ፣ ይቀናሃል አሉት። አራት መቶ ለዜሮ። አብሮት ሊዘምት የመጣው የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ግን በዚህ ሙሉ ድምፅ ልቡ አላረፈም፤ ሌላ የምንጠይቀው የእግዚአብሔር ነቢይ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ አለ፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ። አክዓብ ግን መልካም ነገር አይናገርልኝም ብሎ ይጠላዋል። ሊጠራው የተላከው ሰውም መከረው፤ ሌሎቹ ሁሉ በአንድ አፍ ስለ ተናገሩ አንተም የእነርሱን ዓይነት ቃል ተናገር አለው።

ይህን ምክር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማን አለ? እናቶቻችን ስለሚሳሱልን፣ አለቆቻችን ሊያስፈራሩን፣ ጓደኞቻችን ብልሃት መስሏቸው መክረውናል። «ምን አስጨነቀህ? እንደ ሰው ሁን።»

ሚክያስ ንጉሡ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የአራት መቶዎቹን ቃል ደገመለት። አክዓብም ወዲያው ነቃበትና እውነቱን እንዲነግረው አማለው። ልብ በሉ! ያንኑ ቃል ከአራት መቶ ሰው አፍ ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር፤ ከአንዱ አፍ ሲሰማው ግን እውነት አለመሆኑን ለየው። ሚክያስም እውነቱን ነገረው፤ በጥፊ ተመታ፣ ወደ እስር ቤት ተላከ። ከዚያስ? አክዓብ ወደ ሰልፉ ሲገባ የንጉሥ ልብሱን ለውጦ፣ ራሱን ሰውሮ ገባ። በአራት መቶ ድምፅ ድል የተተነበየለት ንጉሥ ስለ ምን ይደበቃል? ራሱ የሰበሰበውን «አዎ» ራሱም አላመነውም።

የዓለምም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 2002 በኢራቅ ሳዳም ሁሴን መቶ ከመቶ ድምፅ አገኙ ተባለ። ስድስት ወር ሳይሞላ ባግዳድ ከእጃቸው ወጣች። በእኛም አገር ከ2007ቱ መቶ ከመቶ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። ከዚያም ወደ አማራ ክልል ደረሰ። ብዙ ሰው ሞተ። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አሳወቁ። በኮሮጆ ውስጥ መግቢያ ያጣ ድምፅ መንገድ ላይ ወጣ።

ጌታ በዚህ ጥናት ያስተማረን ይህን ነው፦ የይስሙላ ምርጫ የሚጎዳው የተሸነፈውን ብቻ አይደለም። ገዥውን መስማት ያሳጣዋል፤ እኛን ደግሞ መናገር ያሳጣናል።

«ታዲያ ለባለ ሥልጣናት ጸልዩ፣ ተገዙ አልተባልንም ወይ?» የሚል ወገን ይኖራል። ተብለናል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 እና ሮሜ 13 ግልጽ ናቸው፤ እንጸልያለን፣ ሕግ እናከብራለን፣ ግብር እንከፍላለን። ነገር ግን ለንጉሥ መጸለይ አንድ ነገር ነው፤ ንጉሥን መዋሸት ሌላ ነገር ነው። የአክዓብ እውነተኛ ወዳጅ ማን ነበር? አራት መቶዎቹ ወደ ሞቱ ሸኙት። ከሞት ሊያስቀረው የሞከረው የሚጠላው ሚክያስ ነው። ጌታ ኢየሱስም በማቴዎስ 5፥37 ከደቀ መዛሙርቱ የሚፈልገው ትልቅ መሐላ አይደለም፤ አዎ ስንል አዎ መሆኑ፣ አይደለም ስንልም አይደለም መሆኑ እንዲታመን ነው።

ከራሳችን ቤት

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን ነበር። መንግሥታትን መውቀስ ቀላል ነው። የእማማ ቃል ግን ያረፈው በእኛ ላይ ነው። በ1979 እማማ ስኳር ይከለከሉ ነበር፤ በ2007 የድጋፍ ደብዳቤ ይከለከል ነበር። በአጥቢያችን ምርጫ ግን እኛን ምን ይከለክሉን ነበር? ምንም። ማንም ሳያስፈራራን እጃችንን አወጣን። ፍርሃቱ ለብዙ ዘመን ሠልጥኖብን ስለ ነበር አስፈራሪ አላስፈለገውም።

ከሰባቱ ስለ አንዱ ከመካከላችን የምናውቀው ነገር ነበር። አንዲት ሠራተኛውን የወራት ደመወዟን ሳይከፍል አሰናብቷታል። እኅታችን ናት፤ አጥቢያችን ትመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀረች። ይህን እያወቅን እልል አልን። ያዕቆብ 5 ስላልተከፈለ ደመወዝ ምን እንደሚል የምናስተምር ሰዎች እጃችንን ስናወጣ ያቺን ልጅ ረሳናት።

አስቀድመን ሁለት ሆነን ወደ ወንድማችን ሄድን። ነገሩን አነሣንለት። ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ካወቃችሁ እሁድ ለምን እጃችሁን አወጣችሁ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ልንገሥጸው ሄደን እኛው አስቀድመን ይቅርታ ጠየቅን።

ቀጥለን መጋቢያችንን አነጋገርን። «‹የሚቃወም አለ?› ብለን ጠይቀን የለ እንዴ?» አሉ። እማማ ረጋ ብለው፣ «መጋቢ፣ ጠይቃችኋል። እጁን ለመቃወም ያወጣ ሰው ግን ከዚያ እሁድ በኋላ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እርስዎም ያውቃሉ» አሏቸው። መጋቢያችን ዝም አሉ። እውነትም ወሬው ሲወጣ «የመከፋፈል መንፈስ ያለባቸው» የሚል ስም ወጣልን። ከአምስቱ ቤተሰቦች አንዱ «ይህ አያንጽም» ብሎ ከኅብረታችን ቀረ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ይናፍቁናል።

ሆኖም ጌታ ሥራውን አላቆመም። ያ ወንድም የልጅቷን ደመወዝ ከፍሎ፣ «ለጊዜው ሽማግሌ ሆኜ አላገለግልም» አለ። መጋቢያችንም ከሳምንታት በኋላ በመድረክ ላይ የሐዋርያት ሥራ 6ን ሰበኩ። በዚያ ምዕራፍ መጀመሪያ የተሰማው ማጉረምረም ነው፤ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶቻቸው ተረሱባቸው። ሐዋርያት አላሳፈሯቸውም፣ ዓመፀኞች ናቸው አላሏቸውም። ጉባኤው ራሱ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ የነበረው ወገን አደራውን ተቀበለ። ቃሉም እየሰፋ ሄደ። መጋቢያችን ሲጨርሱ፣ «በሚቀጥለው ምርጫ ስሞቹ ከጉባኤው ይመጣሉ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ለመናገር ሦስት ሳምንት ይኖረዋል፤ ድምፁም በወረቀት ይሆናል» አሉ። በዚያ ቀን አሜን ስንል ከልባችን ነበር።

የ«አንድ ለአምስት»ቱ ወንድማችንም ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ስማቸውን እርሱ እንደ ሰጠ ነገራቸው። እናታችን ግን አልደነገጡም። «ልጄ፣ አውቄ ነበር» አሉት፤ «መቼ እንደምትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።» ከዚያ ቡና አፈሉለት።

የተወደዳችሁ፣ ምርጫ ገና ብዙ ይመጣል፤ በአገርም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በአጥቢያም። ነገሩ ያለቀ ይመስለን ይሆናል። እግዚአብሔር ግን የሚመዝነው ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ የእኛንም እጅ ይመዝናል። ሁላችን ሚክያስ ላንሆን እንችላለን። ያላየነውን አየን፣ ያላመንነውን አመንን ላለማለት ግን ጸጋውን መለመን እንችላለን። ስለፈራንበት ቀን ደግሞ እርስ በርሳችን እንናዘዝ፤ ዝምታው ከፍርሃቱ የከፋ ነው። እማማ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ የሚጸልዩትን ጸሎት አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ለሰው ብለን የሰጠንህን የውሸት አሜን ይቅር በለን። መሪዎቻችን የሚሰሙበትን ጆሮ ስጣቸው፤ ለእኛም እውነትን በፍቅር የምንናገርበትን አፍ ስጠን። ስንቆጥር የረሳናቸውን አሳስበን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።